ጦይባ እና የሱሃ አውራ ጣት

ጦይባ መሞቷን የነገረችኝ ሱሃ ናት። ካርቱም ደይም ሰፈር ካለችው ትንሽ ሱቄ በር ላይ፣ እዚህ ርክሻ ከሚሉት ባጃጅ ወረደችና፣ ሻሿ ትከሻዋ ላይ ተንሸራቶ፣ ደብተሮቿን እንዳቀፈች ቆማ ታለቅስ ጀመር። «ጦይባዬ ሞተችብኝ!» አለችኝ በጥሩ የወሎ አማርኛ። ሱሃ ካርቱም ሪያድ ሰፈር ከሱዳናዊ እናትና አባት የተወለደች፣ አሁን ዩኒቨርሲቲ የምትማር ልጅ ናት። አማርኛውን ያስተማረቻት ጦይባ ነች። ከእኔ ጋር ስትሆን ሁልጊዜ የምታወራው ዐረብኛ ነበር፤ ያን ቀን ሐዘኑ አስረሳት መሰለኝ።

«ማን ነገረሽ?» አልኳት።

«የወንድሟ ልጅ። ጁምዓ ጁምዓ እደውልላት አልነበር? ትናንት ስደውል እሱ አነሳው።»

እውነቱን ልናገር። ከሐዘኑ ቀድሞ ልቤን የወጋኝ ይህ «ጁምዓ ጁምዓ» ነው። ለካ ይደዋወላሉ! ጦይባ አገሯ ከገባች ስንት ዓመቷ፤ ወሎ፣ ሐይቅ ከተማ አጠገብ እስካለ መንደር ድረስ በየሳምንቱ ስልክ ይደወላል። እኔ ከሱሃ ቤት በርክሻ ግማሽ ሰዓት አልርቅም፤ ዒድ ካልሆነ ደጄን ረግጣው አታውቅም። ልጅቷን አቅፌ «አላህ ይርሐማት» እያልኩ ጀርባዋን ስደባብስ፣ በሆዴ የማስበው «እኔ ብሞት እንዲህ ታለቅስ ይሆን?» እያልኩ ነበር። በሞተ ሰው ይቀናል ወይ ትሉ ይሆናል። ይቀናል። እኔ በጦይባ መቅናት የጀመርኩት ዛሬ አይደለም፤ ስለሞተች ብቻ አይተወኝም።

የሱሃ እናት ማዳም ኢቅባል ቤት መጀመሪያ በሠራተኛነት የገባሁት እኔ ነኝ። ይህ ሁልጊዜ እንዲታወቅልኝ እፈልጋለሁ። በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ አጋማሽ ላይ፣ ደሴ አሥራ አንደኛ ክፍል ደርሼ፣ ፓስፖርት አውጥቼ፣ ቪዛ ተመትቶልኝ የመጣሁ ሰው ነኝ። ዐረብኛውን በስድስት ወር አቀላጠፍኩት፤ ማንበቡንም ለመድኩ። ጦይባ የመጣችው ከሁለት ዓመት በኋላ ነው። በመተማ በኩል በእግሯ፣ ከዚያ ሰሊጥ በጫነ መኪና ጆንያ ላይ ተቀምጣ፣ አንዲት ወረቀት ሳትይዝ ነው የገባችው። ፊደል አልቆጠረችም። ረጅም፣ ከሲታ፣ ስትስቅ ድዷ የሚታይ ሴት ነበረች። በአሥር ዓመት ስለምትበልጠኝ «እትዬ» ልላት ይገባኝ ነበር። አላልኳትም። በባዶ ስሟ ጠራኋት፤ እሷም ቅር ሳይላት እኔን «ተማሪዋ» አለችኝ።

አንድ አመል ነበራት። የሆነ ነገር ተበላሸ ተብሎ ሰው ሁሉ ወዲያ ወዲህ ሲል፣ እሷ መዳፏን ጉንጯ ላይ ታስደግፍና «ቆይ እስቲ፣ ልየው» ትላለች። ከዚያ ዝም ብሎ ማየት ነው። አንድ ቀን የልብስ ማጠቢያው ማሽን ውኃ አላስወጣ ብሎ ማዳም ሠራተኛ ልትጠራ ስትል፣ ጦይባ ፊቱ ቁጭ ብላ ግማሽ ቀን አየችው። ከሰዓት በኋላ ከቱቦው ውስጥ የሱሃን ካልሲ ጎትታ አወጣች። እኔ ያን ግማሽ ቀን የእሷን ሥራ ደርቤ ስሠራ ውያለሁ። የተመሰገነችው ግን እሷ ናት።

መልአክ ነበረች እያልኩ አይደለም። ታንኮራፋለች። ሳሙና ትደብቃለች። ካኮረፈች ሦስት ቀን አትናገርም፤ ለምን እንዳኮረፈችም አትነግርህም። ዐረብኛዋ እስከ መጨረሻው ድረስ የሚያስቅ ነበር። ይህን ሁሉ ያኔም ልብ ብዬ እይዘው ነበር፤ ለክፉ ቀን የሚሆነኝ ስንቅ ይመስል።

ሱሃ ያኔ አምስት ዓመቷ ነው። የሚጥል በሽታ ነበረባት። በሳምንት ሁለቴም ሦስቴም ትወድቃለች። እናቷ ይህን ማየት አትችልም፤ ሲጀምራት ዓይኗን በሁለት እጇ ሸፍና ወደ መኝታ ቤቷ ትሮጣለች። አልፈርድባትም፣ እናት ናት። አባትየው ለንግድ ሲዞር ነው የሚኖረው። ስለዚህ ልጅቷ ስትወድቅ የምንገኘው እኛ ነን። እኔ በአገራችን ልማድ ክብሪት ጭሬ ጢሱን አፍንጫዋ ሥር እይዝላት ነበር። ጦይባ በመጣች በሳምንቷ ሱሃ ሳሎን ውስጥ ወደቀች። ክብሪቱን ጭሬ ስደርስ ጦይባ እጄን በጥፊ መታችው፤ ክብሪቱ ወለሉ ላይ ወድቆ ጠፋ።

«ምን ልታደርጊ ነው? ልታቃጥያት ነው?» አለችኝ።

ልጅቷን በጎኗ አስተኛቻት። ሻሿን አጣጥፋ ጭንቅላቷ ሥር አደረገችላት። አፏን አልፈለቀቀችም፣ እጇንም አልያዘችም። ከኪሷ ሙስበሃዋን አወጣችና ዓይኗን ከልጅቷ ሳትነቅል፣ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች ዶቃውን ትቆጥር ጀመር። ዱዓ የምታደርግላት መሰለኝ።

«ይሄን ማን አስተማረሽ?» አልኳት ኋላ።

«ታናሽ እህቴ ነበረባት» አለች። «ውኃ ልትቀዳ ወርዳ ወንዝ ዳር ወደቀች። አጠገቧ ሰው አልነበረም።»

ከዚህ ሌላ ስለ እህቷ አንድም ቀን ነግራኝ አታውቅም።

ከዚያን ቀን ወዲያ ሱሃ የጦይባ ሆነች። ሁለት ዓመት ሙሉ ፀጉሯን የሠራሁላት፣ አሊፍ ባ ያስቆጠርኳት እኔ ነኝ። ከእኔ እጅ አልበላም ያለችውን ከጦይባ እጅ ትበላለች፤ ምግቡ ያው ነው፣ የሠራሁትም እኔው! ስትተኛ የጦይባን ቀሚስ ጫፍ ጨብጣ ነው። ከወደቀችበት ስትነቃ መጀመሪያ የምትፈልገው የጦይባን ፊት ነው፤ እኔ አጠገቧ ብሆንም በእኔ በኩል አሻግራ ነው የምትፈልጋት። አንዳንድ ቀን ወጥ ቤት ገብቼ ድስት አንኳኳለሁ። ምን ሆንሽ ብሎ የሚጠይቀኝ እንኳ የለም።

የሱሃ ሐኪም ሸምገል ያለ፣ ቀስ ብሎ የሚናገር የነርቭ ሐኪም ነበር። አንድ ቀን ማዳም እኔን ይዛ ሄደች። መድኃኒት ሦስት ጊዜ ተቀይሮ አልሠራም። ሐኪሙ እንዲህ አላት፦ «ልጅ ማሕፀን ውስጥ ሳለ የአንጎሉ ሕዋሳት ከውስጥ ወደ ውጭ ይጓዛሉ፤ ላይኛው ቅርፊት ላይ ሲደርሱ በየረድፋቸው ይደረደራሉ። አንዳንዴ ጥቂቶቹ መንገድ ይስታሉ፤ ወይም ይደርሱና ረድፋቸውን አይይዙም። ግድግዳው ላይ አንድ ቦታ ጡቡ ተደበላልቆ ተገነባ እንደማለት ነው። የልጅሽ በሽታ ከእንዲህ ያለ ቦታ የሚነሳ ይመስለኛል።»

ማዳም ነፍሰ ጡር ሳለች በጣም ደንግጣ ነበር፤ ከዚያ መጣ ብላ ለብቻዋ ስትብሰለሰል ኖራለች። «የእኔ ጥፋት ነው?» አለችው።

«የማንም ጥፋት አይደለም» አላት፤ ያኔ አለቀሰች። ከዚያም ቀጠለ። «ቦታው ከታወቀ ካይሮ ቆርጠው ሊያወጡት ይችላሉ። ካልታወቀ ግን ዕድሜዋን ሙሉ መውደቅና መድኃኒት ነው። ቦታው ደግሞ አንዳንዴ በጣም ትንሽ ነው፤ የት እንደሚፈልግ ያላወቀ ሰው ፎቶው ላይ ዝም ብሎ ያልፈዋል። ስለዚህ ስትወድቅ የሚያያት ሰው ከየት እንደሚጀምራት ይጻፍልኝ።»

መጻፍ የምችለው እኔ ነኝ። ደብተር ተገዛልኝ። ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ «ወደቀች»፣ «ረጅም»፣ «አጭር» እያልኩ ሁለት ገጽ ሞላሁ። ከየት እንደሚጀምራት ግን አላውቅም። ሁለት ዓመት ከልጅቷ ጋር ኖሬ ስትወድቅ አይቻት አላውቅም ማለት ይቻላል። መጀመሪያ ክብሪት ፍለጋ እሮጥ ነበር። ጦይባ ከመጣች በኋላ ደግሞ እኔ የማየው ጦይባን ነው፤ እንዴት እንደያዘቻት፣ ልጅቷ እንዴት እንደተጠጋቻት።

ስለዚህ ጦይባን ጠየቅኋት።

«ጻፊ ተማሪዋ» ብላ ከወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ማዶ ፊት ለፊቴ ቆመች። «መጀመሪያ አውራ ጣቷን ትደብቃለች። እንዲህ፣ በሌላው እጇ ጨብጣ። ያኔ ገና አልወደቀችም። እንደሚመጣ ታውቀዋለች ማለት ነው። ከዚያ ጣቷ ይመታል። ከዚያ በዚህ በኩል የአፏ ጫፍ ይጎተታል። ከዚያ ክንዷ። ከዚያ ነው ምትወድቀው።» እያንዳንዱን በገዛ አካሏ አሳየችኝ። ጦይባ ሳትሆን ሱሃ የቆመች መሰለኝ። እኔም ያየሁትን ጻፍኩ፦ ቀኝ አውራ ጣት፣ ቀኝ የአፍ ጫፍ፣ ቀኝ ክንድ።

ሐኪሙ ዘንድ ደብተሩን በዐረብኛ እየመለስኩ አነበብኩለት፤ ጣት መደበቋንም አሳየሁት። መነጽሩን አወለቀ።

«ይህን ሁሉ ያየሽው አንቺ ነሽ?»

«አዎ፣ ደክቱር» አልኩት።

በሕይወቴ እንዲህ የቀለለኝ ውሸት የለም። «ይህ ከመሣሪያ ይበልጣል» አለ። «የአካልን ቀኝ የሚያዘው የአንጎል ግራ ነው። ግራውን አጥብቀው እንዲያዩት እጽፍላቸዋለሁ።» ስንመለስ ማዳም መኪናው ውስጥ ከኋላ ሳይሆን ከጎኗ አስቀመጠችኝ። ቤት ስንደርስ ጦይባ ምን እንዳለ ጠየቀችኝ፤ «ጥሩ ተጽፏል አለ» አልኳት። ማን አየው ተብሎ እንደተጠየቀ አልጠየቀችኝም። «አልሐምዱሊላህ» ብላ ወደ ሥራዋ ዞረች።

አባትና እናት ሱሃን ይዘው ካይሮ ሄዱ። የአንጎል ሞገድ ምርመራው ከየት እንደሚነሳ ለይቶ አልተናገረም። ኤምአርአዩንም በደብዳቤው መሠረት ግራ ግራውን አጥብቀው አዩና ምንም የለም ብለው መለሷቸው። መድኃኒቱ ተጨመረ። ሱሃ ፈዘዘች። ማንኪያ ከእጇ ይወድቃል፣ ያስቆጠርኳት ፊደል ጠፋት፣ መውደቁም አልቀረ። ይህ አንድ ዓመት ሄደ።

ከዚያ ጦይባ ገበያ ወጥታ ሳለች ከሻ የሚሉት አፈሳ ደረሰ፤ ፖሊስ ኢቃማ፣ የመኖሪያ ፈቃድ፣ የሌላቸውን ሐበሾች እየያዘ ነበርና ሦስት ቀን ታሰረች። በሁለተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ሱሃን ጭኖቼ መሃል አስቀምጬ፣ ከኋላዋ ሆኜ ፀጉሯን እየጎነጎንኩላት ነበር። ድንገት አውራ ጣቷን በሌላው እጇ ጨበጠችው። ክብሪት የለ፣ ጦይባ የለች፣ የማየው ሌላ ሰው የለ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ልጅቷን አየኋት። የጨበጠችው ግራ አውራ ጣቷን ነው። እኔ ከኋላዋ ስለሆንኩ የእሷ ግራ በእኔ ግራ በኩል ነው፤ መሳሳት የለም። ግራ ጣቷ መታ፣ የአፏ ግራ ጫፍ ተጎተተ፣ ግራ ክንዷ ተከተለ።

ፊት ለፊትህ የቆመ ሰው ግራ እጁን ቢያነሳ ለአንተ በቀኝህ በኩል ነው። ይህን ማንም ያውቀዋል። አሥራ አንደኛ ክፍል የደረስኩት እኔ ግን ወጥ ቤት ቆሜ ጦይባን እንዳየኋት፣ ሳላገላብጥ ጻፍኩት። ዋጋው የሱሃ አንድ ዓመት ሆነ።

የዚያኑ ቀን መናገር ነበረብኝ። አልተናገርኩም። ስህተቱን ብናገር ያየሁት እኔ አለመሆኔም ይወጣል፤ ከማዳም ጎን ያለችው የመኪና ወንበር ትቀራለች፤ ምስጋናው ሁሉ ለጦይባ ይዞራል። ሲብስም ያባርሩኛል። «ዛሬ ማዳም ደክሟታል፣ ነገ» እያልኩ ሦስት ሳምንት አሳለፍኩ። በነዚያ ሦስት ሳምንታት ሱሃ አምስት ጊዜ ወደቀች፤ አንዴ መታጠቢያ ቤት ወድቃ ጥርሷ ተሰበረ። ጦይባ ደሙን ስትጠርግላት እኔ በሩ ላይ ቆሜ ነበር።

ቀጠሮው ደረሰ። ሱሃ ያለ ጦይባ አልሄድም ስላለች ማዳም ሁለታችንንም ይዛ ሄደች። ሐኪሙ ክፍል ውስጥ እንደተቀመጥን ልጅቷ አውራ ጣቷን ጨበጠች። ማዳም ዓይኗን ሸፈነች። ጦይባ ልጅቷን አንስታ መሬት ላይ በጎኗ አስተኛቻትና ሙስበሃዋን አወጣች። ሐኪሙ ተንበርክኮ እስከ መጨረሻው አየ።

«ምንድን ነው የምትቆጥሪው?» አላት ሲያበቃ።

«ሱብሃነላህ፣ ያ ደክቱር። ዛሬ ዘጠና ሁለት ሆነ። ድሮ ከስልሳ አይዘልም ነበር፤ አሁን እየረዘመ ነው የመጣ።»

ሐኪሙ ሰዓቱን እያየ «እስቲ እንደዚያው ቁጠሪልኝ» አላትና የቁጥሩን ልክ በሰከንድ ጻፈ። የእኔ ደብተር «ረጅም» እና «አጭር» ከሚል በቀር ምንም አልነበረውም። ከዚያ መዝገቡን ገለጠ። ፊቱ ተለወጠ።

«ይህ ቀኝ ይላል። ልጅቷን የሚጀምራት በግራ ነው። ማን ነው ቀኝ ያለኝ?»

ማዳም እጇን ከዓይኗ አንስታ ወደ እኔ ዞረች። 

«አነ» አለች ጦይባ። «እኔ ነኝ። ያየነው አብረን ነው። ጎኑን የነገርኳት ግን እኔ ነኝ። አልተማርኩም፣ ግራና ቀኝ ይምታታብኛል።»

በቀን አምስት ጊዜ ውዱእ የምታደርግ፣ እህል በግራ እጇ ነክታ የማታውቅ ሴት ግራና ቀኝ ይምታታባታል ብሎ ማን ያምናል? አመኗት። ያልተማረች ሐበሺያ ናትና ወዲያው አመኗት። ማዳም «አንድ ዓመት! በአንቺ ምክንያት አንድ ዓመት ሙሉ!» እያለች ጮኸችባት፤ ጦይባ አንገቷን ደፍታ የሱሃን ጫማ ታስር ነበር። እኔ ዝም አልኩ። እስከ ዛሬ ስለዚያ ዝምታ የምለው የለኝም።

ካይሮ ያሉት ሐኪሞች ያንኑ የድሮ ፎቶ አውጥተው ቀኝ ቀኙን አዩት። የባቄላ ፍሬ በምታህል ቦታ ላይ ቅርፊቱ ወፍሯል፣ ድንበሩም ደብዝዟል፤ ፎቶው ላይ በዓይን የሚታይ ነበር አሉ፣ የት እንደሚታይ ከታወቀ። ቀዶ ጥገናው ተወሰነ። ለግራ እጇ ቅርብ የሆነ ቦታ ስለሆነ እጇ ሊደክም እንደሚችል አስጠነቀቁ። ከሱሃና ከእናቷ ጋር የሄድኩት እኔ ነኝ።

ሆስፒታሉ ውስጥ ሦስት ጊዜ ወደቀች። ማዳም ወደ ኮሪደሩ ሮጠች፤ እኔ ተቀምጬ አየሁ፣ ቆጠርኩ፣ ጎኑን ሳላዛባ ለሐኪሞቹ ተናገርኩ። ከቀዶ ጥገናው በኋላ ዓይኗን ስትገልጥ ጣቶችሽን አንቀሳቅሺ አሏት፤ በቀስታ አንቀሳቀሰች። ከዚያ እኔን አየችና «ጦይባስ?» አለችኝ። ዛሬም ግራ እጇ ቶሎ ይዝላል፤ መድኃኒቱንም ለዓመታት ወስዳለች። መውደቁ ግን ከዚያን ቀን ወዲህ ቀረ።

ካይሮ ሳለሁ ለጦይባ ሐምራዊ የሐር ሻሽ ገዛሁ። እንደተመለስን ጓሮ ልብስ ስታሰጣ አገኘኋትና ሰጠኋት። የምለውን መንገዱን ሙሉ ሳዘጋጀው ነው የመጣሁት።

«ያን ቀን ሐኪሙ ዘንድ ጥፋቴን ወስደሽ አዳንሽኝ» አልኳት። «ለምን እንዲህ እንዳደረግሽልኝ አላውቅም። እህት ለእህቷ አታደርገውም።»

የያዘችውን አንሶላ ገመዱ ላይ ትታ ዞረች። ከልቧ ነው የገረማት።

«ላንቺ ብዬ መሰለሽ እንዴ?» አለችኝ። «እኔ ፓስፖርት የለኝ። አንቺን ቢያባርሩሽ ካይሮ ማን ይሄድላት ነበር? ማዳም እንደሁ ዓይኗን ነው ምትሸፍን። የሚያያት ሰው ያስፈልጋት ነበር፣ አንቺ ደግሞ አይተሻታል።»

«እንዳየኋት በምን አወቅሽ?»

«ከከሻው ተፈትቼ ስመጣ ፊትሽ ላይ አየሁ። የደበቅሽው ነገር እንዳለ ገባኝ፤ ምን እንደሆን ያወቅሁ ግን ደክቱሩ ቀኝ ሲል ነው።»

እዚያው አንሶላው ሥር ማልቀስ ጀመርኩ። ጦይባ ደነገጠች። አዲሱን ሻሽ ሳታስብ አነሳችና ፊቴን ጠረገችበት፤ «በይ በቃ፣ ተማሪዋ፣ አፉ ብዬሻለሁ፣ በቃ» እያለች ደረቷ ላይ አስጠጋችኝ። ያለቀስኩት በጸጸት መስሏት ነው። እኔም አላረምኳትም። እስከዚያች ሰዓት ድረስ እቀና የነበረው በጦይባ ነው። ያን ቀን ግን የቀናሁት በሱሃ ነበር።